የቤተሰብ ታሪክ መረጃን ወደ ግራምፕስ የሚያስገባ ፕለጊን አሠራር

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የዘመዶቹን ስም፣ የልደትና የሞት ቀን፣ ማን ከማን እንደተወለደ ሳይታክት የሚመዘግብ አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ለሃያ ለሠላሳ ዓመት የደከመበት መረጃ ግን ብዙ ጊዜ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ፣ ወይም ሠሪዎቹ ከተዉት ዓመታት ባለፉት አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ሁሉንም በእጅ መልሶ መጻፍ ወራት ይፈጃል፤ በየገጹም አዲስ ስህተት ይጨምራል። የሚሻለው መረጃውን አንብቦ እያንዳንዱን ነገር በቦታው የሚያስቀምጥ ትንሽ የማስገቢያ ፕለጊን (በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ኮድ) መጻፍ ነው።

እዚህ የማሳየው በግራምፕስ ነው። ግራምፕስ ከ2001 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በፓይተን የተጻፈ የዘር ሐረግ ሶፍትዌር ነው። በፓይተን ፋይል አንብቦ ውጤቱን ማተም የቻለ ሰው ይህን ሥራ ይወጣዋል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፈንክሽኖቹን ትክክለኛ አጻጻፍ ከግራምፕስ ጋር ከሚመጣው የሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ማስገቢያ ኮድ ላይ ስለሚያገኙ ያንን ፋይል ከጎንዎ ከፍተው ይሥሩ። እኔም የተማርኩት ያንን መስመር በመስመር በማንበብ ነው።

ሥራው በሙሉ በአንድ ሕግ ላይ ይቆማል፦ ፕለጊኑ ምንጩ ያላለውን አይጨምር፤ ምንጩ ያለውን ደግሞ ሳያሳውቅ አይጣል።

በእርግጥ ፕለጊን ያስፈልጋል?

መጀመሪያ አሮጌው ፕሮግራም ጌድኮም የሚባለውን ፋይል ማውጣት ይችል እንደሆነ ይፈትሹ። ጌድኮም የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን በ1984 ያወጣችው የዘር ሐረግ መረጃ መለዋወጫ ነው። በ1999 የተዘጋጀው 5.5.1 ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል፤ 7.0 ደግሞ በ2021 ወጥቷል። ግራምፕስ 5.5.1ን ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ያነባል።

ጌድኮም ወጣ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሃያ ሰዎችን መርጠው በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ያለውንና በግራምፕስ የገባውን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ስምና ቀን ብዙ ጊዜ በደኅና ይሻገራሉ። የሚጎዱት የምንጭ መረጃ፣ ረጃጅም ማስታወሻዎች፣ የፎቶግራፍ አድራሻዎችና ፕሮግራሙ ለራሱ የፈጠራቸው ዓምዶች ናቸው። ጌድኮም እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መለያ ከታች በሚሰመር ሰረዝ አስጀምሮ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ሌላው ፕሮግራም ያን መለያ ላያውቀው ይችላል። የጎደለው ጥቂት ማስታወሻ ብቻ ከሆነ በእጅ ያሟሉት። የምንጭ መረጃው በሙሉ ከጠፋ ወይም ጌድኮም ጨርሶ የማይወጣ ከሆነ ግን ፕለጊን መጻፉ ድካሙን ይከፍላል።

ደረጃ 1፦ ከኮዱ በፊት መረጃውን ማወቅ

ከሠንጠረዡ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሃምሳ ያህል ረድፎች ያትሙና በእርሳስ ይዘው ያንብቡ። ለመዝለል የሚያጓጓ ደረጃ ነው፤ ግን በኋላ ከሚያጋጥሙ ችግሮች አብዛኛው እዚህ ይታያል። ሰው መዝገቡን ሲጀምር የነበረው ልማድና አሥር ዓመት ቆይቶ ያዳበረው ልማድ አንድ አይደለም። ከላይ ያሉት ረድፎች ቀንን በአኃዝ፣ የታችኞቹ በፊደል ሊጽፉ ይችላሉ። የጥያቄ ምልክት አንድ ቦታ «አላውቅም»፣ ሌላ ቦታ «እጠራጠራለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው በሕይወት ካሉ ደውለው ይጠይቁ፤ በግምት ከሚሠራ ኮድ የአሥር ደቂቃ ጥያቄ ይበልጣል።

ቀጥሎ የማዛመጃ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። በግራ የምንጩን ዓምድ፣ በመሐል በግራምፕስ ውስጥ የሚሄድበትን ቦታ፣ በቀኝ ደግሞ ዓምዱ ባዶ ወይም የማይነበብ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ይጻፉ። ቦታ የማይገኝለት ዓምድ በሰውየው ማስታወሻ ውስጥ ከነዓምዱ ስም ይግባ። በዚህ ሠንጠረዥ ላይ «ይጣል» የሚል ቃል ካለ ከጎኑ ምክንያት ይኑረው።

ለማሳያ የተፈጥሮ ተመራማሪውን የቻርልስ ዳርዊንን ቤተሰብና የእናቱን ወገን የዌጅዉድን ቤተሰብ እጠቀማለሁ። ታሪካቸው በሰፊው የታወቀ ነው፤ ለፈታኝነታቸውም አቻ አላገኘሁላቸውም። ሦስት ረድፎች እነሆ፦

መለያ,ስም,ጾታ,ልደት,የልደት ቦታ,ጥምቀት,ሞት,አባት,እናት
001,ጆሳያ ዌጅዉድ,ወ,,,12 ጁላይ 1730,3 ጃንዋሪ 1795,,
006,ሱዛና ዌጅዉድ,ሴ,3 ጃንዋሪ 1765,,,15 ጁላይ 1817,001,002
014,ቻርልስ ዳርዊን,ወ,12 ፌብሩዋሪ 1809,"ሽሩስበሪ, ሽሮፕሽር",,19 ኤፕሪል 1882,009,006

ደረጃ 2፦ ግራምፕስ ቤተሰብን እንዴት እንደሚያይ

በሠንጠረዡ ላይ የቻርልስ አባትና እናት በራሱ ረድፍ ተጽፈዋል። ግራምፕስ እንዲህ አያስቀምጥም። ሰው አንድ መዝገብ ነው፤ ቤተሰብ ሌላ መዝገብ ነው፤ ልደት፣ ሞትና ጋብቻ ክስተት የሚባሉ የየራሳቸው መዝገቦች ናቸው። ቦታ፣ ምንጭ፣ ማጣቀሻና ማስታወሻም እንዲሁ። ልጅ ከአባቱ ጋር በቀጥታ አይያያዝም። አባትና እናት በአንድ የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ፤ ልጁም በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በልጅነት ይመዘገባል።

ማያያዣው ከሁለቱም ወገን መታሰር አለበት። የቤተሰቡ መዝገብ «አባት ሮበርት፣ እናት ሱዛና፣ ልጅ ቻርልስ» ይላል። በቻርልስ መዝገብ ላይ ያ ቤተሰብ የወላጆቹ ቤተሰብ ተብሎ፣ በሮበርትና በሱዛና መዝገብ ላይ ደግሞ እንደ ባልና ሚስት ያሉበት ቤተሰብ ተብሎ ይጻፋል። አንዱን ወገን ብቻ ካሰሩ ፕሮግራሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ ይቀጥላል፤ ጉዳቱ የሚታየው የዘር ሐረጉ ሥዕል ተቆርጦ ሲወጣ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ረድፍ ይመልከቱ። የጆሳያ ዌጅዉድ የልደት ቀን ባዶ ነው፤ የታወቀው የተጠመቀበት ቀን ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ባዶው ዓምድ ስለሚያስጨንቃቸው የጥምቀቱን ቀን ወደ ልደት ያዛውራሉ። አያድርጉት። ግራምፕስ የጥምቀት ክስተት የሚባል የራሱ ዓይነት አለው፤ ልደት በማይኖርበት ጊዜም በሰዎች ዝርዝር ላይ ጥምቀቱን በዘመም ፊደል በልደት ቦታ ያሳየዋል። ተጠቃሚው ቀኑን ያያል፣ መዝገቡም እውነተኛ ሆኖ ይቆያል።

ልደቱ ሲኖር ደግሞ ክስተቱን ፈጥሮ በሰውየው የክስተቶች ዝርዝር ላይ መጨመር ብቻ አይበቃም። «ልደቱ ይህ ነው» ብሎ የሚያመለክት ለብቻው የተዘጋጀ ፈንክሽን አለ፤ ለሞትም እንዲሁ። ልደትና ሞትን በእነዚያ ያስገቡ፤ ሌላውን ሁሉ በተራው ፈንክሽን።

ደረጃ 3፦ ፕለጊኑን ማስመዝገብ

ፕለጊኑ ቢያንስ ሁለት ፋይል ይኖረዋል። አንደኛው የሥራው ኮድ ነው። ሁለተኛው ግራምፕስን «እኔ እዚህ አለሁ» የሚለው የምዝገባ ፋይል ሲሆን ስሙ ሁልጊዜ በነጥብ ጂ-ፒ-አር ነጥብ ፒ-ዋይ ያልቃል። በውስጡ አንድ የምዝገባ ጥሪ ብቻ አለ፦ የፕለጊኑ ዓይነት (ማስገቢያ)፣ መለያው፣ ስሙ፣ መግለጫው፣ የራሱ ስሪት፣ የታሰበለት የግራምፕስ ስሪት፣ የኮዱ ፋይል ስም፣ የሚጠራው ፈንክሽን ስም እና የሚያነበው ፋይል ቅጥያ።

ከእነዚህ ውስጥ ሰውን ግማሽ ቀን የሚያቃጥለው የታሰበለት የግራምፕስ ስሪት ነው። በኮምፒውተርዎ ላይ ካለው ስሪት ጋር ካልተስማማ ፕለጊኑ አይነሣም። ለ5.1 የተጻፈ በ5.2 ላይ አይሠራም፤ ቁጥሩን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ፎልደር አድርገው በተጠቃሚው የግራምፕስ ፎልደር ውስጥ ካለው የፕለጊኖች ፎልደር ያስገቡና ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ። የሚጠራው ፈንክሽን ሦስት ነገር ይቀበላል፦ የመረጃ ቋቱን፣ የፋይሉን አድራሻና ከተጠቃሚው ጋር መነጋገሪያውን። ለመጀመሪያ ቀን ፋይሉ ስንት ረድፍ እንዳለው ብቻ ቆጥሮ መልእክት ያሳይ። ይህ ከሠራ መሠረቱ ተጥሏል።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን ማንበብ

የፊደል ኢንኮዲንግን በግልጽ ይወስኑ፤ ለኮምፒውተሩ ምርጫ አይተዉት። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ ከሆነም አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ኤክሴል ሲኤስቪን በዩቲኤፍ 8 ሲያስቀምጥ በፋይሉ ራስ ላይ የማይታዩ ሦስት ባይቶች ይጨምራል። እነዚህ ካልተነሡ የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ «መለያ» መሆኑ ይቀርና «የማይታይ ነገር ሲደመር መለያ» ይሆናል። በስክሪን ላይ ሲያዩት ምንም ልዩነት የለም፤ ኮድዎ ግን «መለያ የሚባል ዓምድ የለም» እያለ ይቆማል። ፓይተን ይህን ምልክት ራሱ የሚያነሣ የኢንኮዲንግ አማራጭ አለው፤ ስሙ ከዩቲኤፍ 8 ቀጥሎ ሲግ የሚል ቃል አለበት። ምልክቱ በሌለበት ፋይልም ላይ ስለሚሠራ ሁልጊዜ እሱን ይጠቀሙ።

መስመሩን በነጠላ ሰረዝ ራስዎ አይቁረጡት። ከላይ በቻርልስ ረድፍ «ሽሩስበሪ, ሽሮፕሽር» በጥቅስ ውስጥ ያለው ለዚህ ነው፤ በተራ መቁረጫ ቢቆረጥ ሽሮፕሽር የጥምቀት ቀን ሆኖ ያርፋል። የፓይተን የሲኤስቪ ሞጁል ጥቅሱን ይረዳል፤ በማስታወሻ ውስጥ ያለ የመስመር ለውጥንም አይስትም።

መለያዎችን ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ ይያዙ። 001ን ኤክሴል እንደ ቁጥር ካየው 1 ያደርገዋል። የመለያው ዓምድ ተቀይሮ የአባት ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ ከቀረ ሱዛና «001» እያለች አባቷን ትፈልጋለች፤ በመዝገቡ ያለው ግን «1» ነው። ስለዚህ ማንኛውም የአባት ወይም የእናት መለያ በመለያው ዓምድ ውስጥ መኖሩን ገና ሲነበብ ያረጋግጡ፤ የሌለውን ከረድፍ ቁጥሩ ጋር ለተጠቃሚው ያሳዩ።

ደረጃ 5፦ በሁለት ዙር ማስገባት

ልጅ ከአባቱ በፊት በፋይሉ ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል በአንድ ዙር ለመጨረስ አይሞክሩ። በመጀመሪያው ዙር ሰዎቹን ብቻ ይፍጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ግራምፕስ ረጅም ውስጣዊ መለያ ይሰጣል፤ የምንጩን መለያና ይህን ውስጣዊ መለያ በአንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ያጣምሩ። በሁለተኛው ዙር ረድፎቹን እንደገና እየሄዱ ቤተሰቦቹን ይፍጠሩ፤ ልጆቹንም ያስገቡ።

ቤተሰብን የሚለየው ቁልፍ የአባትና የእናት ጥንድ ነው፤ አባት ብቻውን አይበቃም። የቻርልስ አያት ኢራስመስ ዳርዊን ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ በ1757 ሜሪ ሃዋርድን፣ በ1781 ኤሊዛቤት ፖልን። በመካከሉም ካላገባት ሴት ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል። ኮድዎ ቤተሰብን በአባት ብቻ ከለየ እነዚህ ልጆች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ይቀራሉ። እናቱ ያልታወቀች ልጅ ሲኖር ደግሞ ቁልፉ «አባት እና ባዶ» ይሁን፤ ካሉት ሚስቶች ለአንዷ አይስጡት።

የግንኙነቱ ዓይነትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ልጅ አላቸው ማለት ተጋብተዋል ማለት አይደለም። የጋብቻ ቀን ወይም ቃል በምንጩ ካለ «የተጋቡ»፣ ከሌለ «ያልታወቀ» ይሁን፤ ግራምፕስም ሳይነገረው የሚይዘው ያልታወቀውን ነው። ልጅና ወላጅ ሲያያዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ምንም ካልነገሩት የወለዱት ልጅ አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ምንጩ «ማደጎ» ወይም «የእንጀራ ልጅ» የሚል ዓምድ ካለው ዓይነቱን ከአባትም ከእናትም ወገን ለየብቻ መሙላት የግድ ነው። ይህ ሲዘነጋ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደበቀው ወይም በኩራት የሚናገረው ነገር ግን ከቤተሰቡ ታሪክ ይፋቃል።

ደረጃ 6፦ ቀን

ጊዜዎን አብዝተው እዚህ ያጥፉ። የቀን ዓምድ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እውነት መስሎ ይዋሻል።

ምንጩ ኤክሴል ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ፦ ኤክሴል ከ1 ጃንዋሪ 1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያውቅም። በአንድ ዓምድ ውስጥ የ1882 ሞት ጽሑፍ ሆኖ፣ የ1921 ልደት ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ሲኤስቪ ሲወጣ ቁጥር የነበረው በኮምፒውተሩ የአገር ቅንብር መሠረት ይጻፋል፤ 03/04/1921 ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 ከራሱ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ዓመቱ በሁለት አኃዝ ብቻ ከተጻፈማ 21 የየትኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ጠፍቷል ማለት ነው። ፕለጊኑ ይህን አይገምት። ቀን ይቅደም ወይስ ወር ለተጠቃሚው አንድ ጊዜ ይጠይቅ፤ ወይም ከፋይሉ ውስጥ ከ12 የሚበልጥ አኃዝ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ አይቶ ማስረጃውን ያሳየው።

ሌላው ምልክት የጃንዋሪ 1 ልደት መብዛት ነው። አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች ሙሉ ቀን ካልተሞላ አይቀበሉም ነበር፤ መዝጋቢው ዓመቱን ብቻ ሲያውቅ ጃንዋሪ 1 ብሎ ያልፋል። እኔ በሠራሁበት አንድ ፋይል ላይ ከየትኛውም ወር ይልቅ በዚያች አንድ ቀን የተወለደው ይበልጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን ብዛቱን ለተጠቃሚው ይንገሩና እሱ ከፈቀደ ብቻ ዓመቱን ብቻ ያስገቡ፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ በማስታወሻ ይቆይ።

ግራምፕስ ቀንን በሚያስደስት ስፋት ይይዛል። ዓመት ብቻ፣ ወርና ዓመት፣ «ገደማ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «ከዚህ እስከዚያ መካከል» ሁሉ ቦታ አላቸው። ከዚህ ሌላ ቀኑ በግምት ወይም በስሌት የተገኘ መሆኑን መግለጽ ይቻላል። ምንጩ የሞቱን ዓመትና «በ73 ዓመቱ ሞተ» የሚለውን ብቻ ከሰጠ፣ የልደቱ ዓመት ተሰልቶ የተገኘ ነውና «በስሌት» የሚለው ይጻፍበት። ጨርሶ የማይነበብ ቀን ቢመጣ ጽሑፉ እንዳለ የሚቀመጥበት ዓይነትም አለ፤ ባዶ ከመተው ያ ይሻላል።

ግራምፕስ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚቀይር የራሱ አንባቢ አለው። አሠራሩ ግን ተጠቃሚው በመረጠው ቋንቋ ላይ ስለሚመሠረት በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የተነበበው በሌላው ላይ ላይነበብ ይችላል። የምንጩ የቀን አጻጻፍ የታወቀ ከሆነ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ራስዎ ለይተው በቁጥር ያስገቡ።

የዘመን አቆጣጠር ነገርም አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በዩልዮስ አቆጣጠር ይመሩ ነበር፤ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ነበር። በዚያ መሠረት የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ይሆናል። አሥራ አንድ ቀንና አንድ የዓመት ቁጥር ልዩነት፤ ሁለቱም ግን ትክክል። በአሮጌ መዝገብ ላይ 1731/2 የሚል ጥምር ዓመት ካዩ የፊደል ስህተት አይደለም፤ ኮድዎ ሁለተኛውን አኃዝ ቆርጦ እንዳይጥለው። ግራምፕስ ከጎርጎርዮሱ ሌላ የዩልዮስን፣ የዕብራውያንን፣ የእስልምናን፣ የፋርስን፣ የፈረንሳይ ሪፐብሊክንና የስዊድንን አቆጣጠር ያውቃል፤ ምንጩ የተጠቀመበትን አቆጣጠር ይምረጡለትና ቀኑን እንዳለ ያስገቡ። የምንጩ አቆጣጠር ከእነዚህ ውስጥ ከሌለ ወደ ጎርጎርዮስ ቀይረው፣ የቀድሞውን ጽሑፍ በክስተቱ መግለጫ ውስጥ ይተዉት።

ደረጃ 7፦ ስምና ምንጭ

ስምን በባዶ ቦታ ቆርጦ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ማድረግ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ስህተት ነው። በዓለም ላይ የቤተሰብ ስም የማይጠቀም፣ በአባት ስም የሚጠራ፣ ወይም የቤተሰብ ስሙን የሚያስቀድም ሕዝብ ብዙ ነው። ግራምፕስ ለስሙ አመጣጥ ዓይነት አለው፤ የአባት ስም መሆኑን በዚያ መግለጽ ይቻላል። ምንጩ ስሙን ከፍሎ ካልሰጠ ሙሉውን እንደ መጠሪያ ስም ያስገቡት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ልማድ ይህ ነው፦ ፕለጊኑ ለገባው ፋይል አንድ የምንጭ መዝገብ ይፍጠር፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የረድፉን ቁጥር የያዘ ማጣቀሻ ሠርቶ ከሰውየውና ከክስተቶቹ ጋር ያያይዝ። ከአምስት ዓመት በኋላ «ይህ ቀን ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ አብሮ አለ። የምንጩን መለያም ለየሰውየው እንደ ባሕርይ ይጻፉለት እንጂ የግራምፕስ ቁጥር አያድርጉት፤ ቀድሞ ከነበረ ሰው ቁጥር ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ስሱ መረጃ የሚል ምልክት በምንጩ ካለ ወደ ግራምፕስ የግል ምልክት ይሻገር። ተጠቃሚው ነገ የዘር ሐረጉን ለሌሎች ሲያካፍል በሕይወት ያለ ሰው ምሥጢር አብሮ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ያ ምልክት ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ መረጃ ቋቱ መጻፍ

ፋይሉን በሙሉ አንብበውና አጣርተው ሳይጨርሱ በመረጃ ቋቱ ላይ አንድ ፊደል አይጻፉ። ካጣሩ በኋላ መጻፉ ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን፤ መሐል ላይ ስህተት ቢፈጠር ግማሽ ቤተሰብ ገብቶ ግማሹ እንዳይቀር። ለብዙ መረጃ የተዘጋጀው የጅምላ ዓይነት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከገባ በኋላ «መልስ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፣ የቀድሞው የመመለሻ ታሪክም ይጠፋል። ስለዚህ ተጠቃሚው አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያስቀምጥ በግልጽ ይንገሩት።

ከመጻፍዎ በፊት የመረጃ ቋቱን የለውጥ ማሳወቂያ ያጥፉ፤ ካልሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ስክሪኑ እንደገና እየተሣለ ሥራው ይጓተታል። ሲጨርሱ መልሰው ያብሩና ዝርዝሮቹ እንዲታደሱ ይጠይቁ። ማብራቱ ስህተት ቢፈጠርም መፈጸም ስላለበት በፓይተን ሁልጊዜ በሚፈጸመው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት።

በመጨረሻ ሪፖርት ይስጡ። ስንት ሰው፣ ስንት ቤተሰብ ገባ፤ የትኛው ረድፍ ላይ ምን አልተነበበም፤ የትኛው ወላጅ አልተገኘም። «ተሳክቷል» የሚል አንድ ቃል ሪፖርት አይደለም።

ደረጃ 9፦ መፈተሽ

በባዶ የዘር ሐረግ ላይ የዳርዊንና የዌጅዉድን ፋይል ያስገቡና የሚከተሉትን አንድ በአንድ በዓይንዎ ይዩ።

ቻርልስ በ1839 ያገባት ኤማ ዌጅዉድ የእናቱ ወንድም ልጅ ናት። እንግዲህ ጆሳያና ሣራ ዌጅዉድ በእናቱ በኩል የቻርልስ አያቶች ናቸው፤ በአባቷ በኩል ደግሞ የኤማ። ከቻርልስ ልጆች ተነሥተው ወደ ላይ ሲወጡ በሁለት መንገድ ወደ እነዚያው ሁለት ሰዎች መድረስ አለብዎት። ሁለት ጆሳያዎችና ሁለት ሣራዎች ተባዝተው ካገኙ የመለያ ዲክሽነሪዎ ላይ ችግር አለ።

ቀጥሎ ስሞቹን ይመልከቱ። ጆሳያ ዌጅዉድ የሚባሉ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አሉ፤ ሦስተኛው በ1837 የቻርልስን እህት ካሮላይንን አግብቷል። ኢራስመስ የሚለውም የአያቱ፣ የአጎቱና የወንድሙ ስም ነው። የመጀመሪያው ፕለጊኔ ሰዎችን በስም እያመሳሰለ «ተደጋጋሚ» ያላቸውን ያዋህድ ነበር፤ አባትና ልጅን አንድ ሰው አድርጎ፣ ሰውየው ራሱን እንደወለደ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ በስም ማመሳሰልን ከኮዴ አውጥቻለሁ። ተመሳሳይ የሚመስሉትን ለተጠቃሚው ማሳየት ይቻላል፤ ማዋሐዱን ግን እሱ በግራምፕስ የማዋሐጃ መስኮት፣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን እያየ ይወስን።

ቻርልስና ኤማ አሥር ልጆች ነበሯቸው፤ አሥሩንም ይቁጠሩ። ሜሪ ኤሊኖር የምትባለው በሴፕቴምበር 1842 ተወልዳ በኦክቶበር ሞታለች። ኮድዎ ልደትንና ሞትን በዓመት ብቻ የሚያወዳድር ከሆነ እንዲህ ያለች ሕፃን «ስህተት» ተብላ ልትወጣ ትችላለች። መጥፋት የለባትም።

ይህን ሲጨርሱ ያንኑ ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ያስገቡት። ተጠቃሚ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ያደርጋል። በባሕርይ የተጻፈው የምንጭ መለያ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ፕለጊኑ ሰዎቹ ቀድመው መኖራቸውን አውቆ፣ እንደገና ሳይፈጥር፣ የትኛው ረድፍ እንደተለወጠ ሊናገር ይገባል።

በመጨረሻም የግራምፕስን የመረጃ ቋት መፈተሻና መጠገኛ መሣሪያ ያስነሡ። ንጹሕ ፋይል ገብቶ ይህ መሣሪያ የተቆረጠ ማያያዣ ካገኘ ጥፋቱ የምንጩ አይደለም፤ በደረጃ 2 ያልነውን ሁለት ወገን ማሰር ኮድዎ አንድ ቦታ ዘሎታል። መሣሪያው ቢጠግንልዎትም ኮዱን እስኪያስተካክሉ አይርኩ።

ለሌሎች ማካፈል

ግራምፕስ የሚሠራጨው ጂፒኤል በሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ፣ በስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ፈቃድ ስለሆነ ፕለጊንዎንም በዚያው ፈቃድ ያውጡት። በምዝገባ ፋይሉ ላይ መጀመሪያ «ያልተረጋጋ» ብለው ይመዝግቡት፤ ከእርስዎ ፋይል ሌላ ቢያንስ የሁለት ሰዎችን ፋይል በትክክል ሲያስገባ «የተረጋጋ» ያድርጉት። የፈተና ፋይሉን ከፕለጊኑ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፤ ነገር ግን ከሰዎች የተቀበሉትን እውነተኛ የቤተሰብ መዝገብ በፍጹም አብረው አያውጡ። አዲስ የግራምፕስ ስሪት ሲወጣ የታለመለትን ቁጥር ብቻ ቀይረው አይልቀቁት፤ ቻርልስና አሥሩ ልጆቹ በአዲሱም ስሪት በደኅና መግባታቸውን አይተው ይልቀቁ።